ወደ ሚድሶመር በአውቶቡስ አትሂዱ

ይህንን የምጽፈው በእንግሊዝ አገር ለምትኖሩ፣ መኪና ለሌላችሁና «ሚድሶመር መርደርስ» የተባለውን ተከታታይ ድራማ እያያችሁ «አንድ ቀን ሄጄ እነዚያን መንደሮች ባየሁ» ለምትሉ ነው። እኔን ማንም አላስጠነቀቀኝም። የጉብኝት በራሪ ወረቀቶቹ ሁሉ የተጻፉት የመኪና ቁልፉን ኪሱ ከትቶ ጠዋት ከቤቱ ለሚወጣ ሰው ነው። «ከዚህ ወደዚያ አሥር ደቂቃ ነው» ይላሉ፤ በምን እንደሆነ አይናገሩም።

ድራማውን ለማታውቁት ባጭሩ ልንገራችሁ። ሚድሶመር የሚባል አውራጃ ካርታ ላይ የለም። ካሮላይን ግሬም የተባለች ደራሲ ግድያ ስለሚመረምረው ፖሊስ፣ ስለ ኢንስፔክተር ባርናቢ መጻፍ የጀመረችው በ1987 ነው (ዓመቶቹን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው)። አንተኒ ሆሮዊትዝ ለቴሌቪዥን አዘጋጀውና የመጀመሪያው ክፍል በመጋቢት 1997 በአይ ቲ ቪ ታየ። ጆን ኔትልስ እስከ 2011 ድረስ ባርናቢን ሆኖ ተጫወተ፤ ከዚያ ወዲህ የአጎቱ ልጅ የሆነውን ሌላውን ባርናቢ ኒል ደጀን ይጫወተዋል። አገሩ አበባ ብቻ ነው፤ ቤተ ክርስቲያኑ ጥንታዊ፣ ሣሩ የተከረከመ፣ ሰዉ ሁሉ ሻይ የሚጠጣ። ነገር ግን ያልቃሉ። አንዱ ሣር ላይ ተቸንክሮ የወይን ጠርሙስ ይወነጨፍበታል፤ አንዲቷን ትልቅ ክብ አይብ ጨፍልቆ ይገድላታል። ከሙዚቃው መሐል የሚያላዝነው ድምፅ ደግሞ ተርሚን ከሚባል፣ ተጫዋቹ እጁን ሳያሳርፍበት ከሚጫወተው መሣሪያ ይወጣል።

እኔ ለንደን ውስጥ በአረጋውያን መጦሪያ እሠራለሁ። ከሰዓት በኋላ የድሮዎቹ ክፍሎች በአይ ቲ ቪ 3 ሲደገሙ ሳሎኑ ጸጥ ይላል። አንዲት ጡረታ የወጡ መምህርት አሉ፤ ገዳዩን ገና ከመጀመሪያው ማስታወቂያ በፊት ይነግሩኛል፤ እባክዎ አይንገሩኝ ብዬ ብለምናቸውም አይሰሙኝም። መንደሮቹ እውነተኛ እንደሆኑ፣ አብዛኞቹም በኦክስፎርድሻየርና በበኪንግሃምሻየር እንደሚገኙ የነገሩኝ እርሳቸው ናቸው።

ልሄድ ነው ስል አንዲት የሥራ ባልደረባዬ «እዚያ ጥቁር ሰው አይወዱም» ብላ አስፈራራችኝ። ወሬው ከባዶ የመጣ አይደለም። በ2011 የድራማው ፕሮዲዩሰር ብራያን ትሩ ሜይ፣ ሥራው የተወደደው አናሳ ብሔረሰቦች ስለሌሉበት ነው፣ የእንግሊዝነት የመጨረሻው ምሽግ ነው የሚል ነገር ለአንድ መጽሔት ተናግሮ ከሥራ ታግዶ ነበር፤ በኋላም ከድራማው ተሰናብቷል። ከዚያ በኋላ የተዋንያኑ መልክ ተለውጧል። እኔ በሄድኩባቸው መንደሮች ሁሉ ውሻ ይዞ የሚንሸራሸር ሰው ሳይቀር ሰላም ብሎኛል። አንዳንዱ ሰላምታ «ምን ፈልገሽ ነው?» የሚል ጥያቄ እንዳረገዘ አውቃለሁ፤ መልሴ «ባርናቢን» ሲሆን ግን ፊቱ ሁሉ ይፈታል፤ የእርሱ አጥር በየትኛው ክፍል እንደታየም ይተርክልኛል። ስለዚህ ከሰው አትፍሩ።

መጀመሪያ ዋሊንግፎርድ ሂዱ። በድራማው ኮስተን የምትባለው ከተማ እርሷ ናት። ከፓዲንግተን መስመር ቾልሲ ላይ መውረድ ነው፤ እዚያው ቾልሲ በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ የአጋታ ክሪስቲ መቃብር አለ፤ በ1976 እስክታርፍ ድረስ የኖረችው ዋሊንግፎርድ ነበር። ሁለተኛ ግሬት ሚሰንደን። ከሜሪልቦን ባቡር ተሳፍሮ እዚያ መውረድ፣ ከዚያ በእግር ወደ ሊትል ሚሰንደን። በመንደሩ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ሕፃኑን ጌታ በትከሻው የተሸከመ የቅዱስ ክሪስቶፈር ሥዕል አለ፤ የ13ኛው ክፍለ ዘመን ሥራ ነው፤ ለዘመናት በኖራ ተለስኖ ተደብቆ ኖሯል። ሃደንሃም ደግሞ የራሷ የባቡር ጣቢያ አላት፤ የግቢ አጥሮቿና የብዙ ቤቶቿ ግድግዳ ከነጭ አፈርና ከጭድ በተቦካ ጭቃ የተሠሩ ናቸው። ፎቶውን ለእናቴ ብልክላት «ይህ እኮ የእኛ ቤት ነው፣ ምን ልታዪ ሄድሽ?» አለችኝ። ሦስቱም ያለ ችግር የሚሆኑ ናቸው።

ችግሩ ተርቪል ነው።

ተርቪል በቺልተርን ኮረብቶች መካከል ያለ ሸለቆ ውስጥ የተቀመጠ ትንሽ መንደር ነው። ከበላዩ ኮረብታው ላይ ነጭ የነፋስ ወፍጮ ቆሟል፤ የግል ንብረት ስለሆነ ከሩቅ ነው የሚታየው። ብዙው ጎብኚ የሚመጣው ለሌላ ድራማ፣ ለ«ቪካር ኦፍ ዲብሊ» ነው፤ የባርናቢም ካሜራ ግን ደርሶበታል። የባቡር ጣቢያ በአቅራቢያው የለም። የአውራጃው የጉዞ መርሐ ግብር ከሃይ ዊኮም ጠዋት አንድ፣ ከሰዓት በኋላ መመለሻ አንድ አውቶቡስ እንዳለ ያሳያል። በስልኬ ያየሁትን ስላላመንኩ መርሐ ግብሩን ያወጣው መሥሪያ ቤት ደወልኩ። ረቡዕ እንደምሄድ፣ ወሩ ነሐሴ እንደሆነ፣ የመመለሻው አውቶቡስ ካመለጠኝ ሌላ እንደሌለኝ ተናገርኩ። የመለሰልኝ ሰው «ከሰኞ እስከ ዓርብ ይሠራል» አለኝ። ነሐሴም ጭምር? አልኩት። «ከሰኞ እስከ ዓርብ» ብሎ ደገመልኝ፤ ድምፁም ቸኩሎ ነበር።

የጠዋቱ አውቶቡስ በሰዓቱ መጣ። ሦስት ፓውንድ ከፍዬ ተሳፈርኩ፤ ከ2025 ጀምሮ የአንድ ጉዞ ጣሪያው ይኸው ነው፤ በእንግሊዝ አገር ርካሽ ከምለው ጥቂት ነገር አንዱ። መንደሩ እንደ ስሙ አማረልኝ። ሰማዩ ላይ ቀይ ጭልፊቶች ይዞራሉ። እዚህ አካባቢ ጠፍተው ነበርና ከ1989 ጀምሮ ከስፔን አምጥተው ነው እንደገና ያረቧቸው። አዲስ አበባ ላይ ሥጋ ከእጃችን የሚነጥቀውን ዘመዳቸውን ሳስብ እንዲህ ተለፍቶ የሚመጣ አልመሰለኝም። ቤተ ክርስቲያኑን አየሁ፣ ኮረብታውን ወጣሁ፣ ወረድኩ። የሌሊት ፈረቃ ስለነበረብኝ ሰዓቴን ደጋግሜ አይ ነበር።

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል፣ በእነርሱ አቆጣጠር ሦስት ተኩል ላይ የሚያልፈውን አውቶቡስ ለመያዝ ቀድሜ ቆምኩ። ማቆሚያው አንድ ምሰሶ ነው፤ ወንበር የለው፣ ጥላ የለው። ሰዓቱ አለፈ። ዘገየ አልኩ። እንደገና ብዙ ቆየሁ። በድራማው ውስጥ አንድም ተጠርጣሪ አውቶቡስ ሲጠብቅ አይቼ እንደማላውቅ ትዝ ያለኝ ያን ጊዜ ነው። ሁሉም መኪና አለው፤ ባይኖረው ግማሹ ግድያ ባልተፈጸመ ነበር።

አንድ ሽማግሌ ከውሻቸው ጋር መጥተው ምን እንደምጠብቅ ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። አዘኑልኝ። «የኔ ልጅ፣ እርሱ የተማሪዎች አውቶቡስ ነው፤ ትምህርት ቤት እስከ መስከረም ዝግ ነው» አሉኝና ምሰሶው ላይ የተለጠፈውን ወረቀት አሳዩኝ። መስተዋቱ ውስጥ እርጥበት ገብቶ ላቦት ሠርቷል። ከሰዓቱ ጎን ጉንዳን የማታክል ፊደል አለች፤ ወረቀቱ ግርጌ ላይ የፊደሏ ፍቺ ተጽፏል፦ ትምህርት በሚሰጥባቸው ቀናት ብቻ። ስልኬ ላይ ያየሁት መርሐ ግብር ይህቺን ፊደል አያሳይም። የደወልኩለት ሰው ግን ወረቀቱ ከፊቱ ነበር፤ ነሐሴ ብዬዋለሁ!

ስልኬ በሸለቆው ውስጥ ኔትወርክ አልነበረውም። ፐብ ገባሁ። ወጥ ቤቱ ከምሳ በኋላ ተዘግቷል፤ ያለው የታሸገ ድንች ጥብስ ነው። የፐቡ ሴትዮ ደግ ነበረች፣ በራሷ ስልክ ታክሲ ደወለችልኝ። አንደኛው ድርጅት እስከ ምሽት መኪና የለንም አለ። ሁለተኛው የጠራው ዋጋ የአንድ ፈረቃ ደመወዜን ግማሽ ይበላል፤ ያውም ከአንድ ሰዓት ተኩል በኋላ። እኔም ተናድጄ በእግሬ ተነሣሁ።

በሃምብልደን በኩል እስከ ሄንሊ ድረስ ወደ 12 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ቁጥሩ 171 የሆነው የኦርድናንስ ሰርቬይ (የአገሪቱ የካርታ ድርጅት) ካርታ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር፤ የእግረኛ መንገዶቹን በአረንጓዴ ሰረዝ ያሳያል፤ ኔትወርክ አይፈልግም። ይህንን ካርታ ሳትይዙ አትሂዱ። መንገዱ በሰው እርሻ መሐል ያልፋል፤ መብታችሁ ነው፤ ቢጫ ቀስት ይመራችኋል። አንዱ መስክ ላይ ላሞች ከነኮርማቸው ተኝተው አገኘሁ። ሕጉ፣ ከ10 ወር በላይ የሆነ የወተት ዝርያ ኮርማ የእግር መንገድ በሚያልፍበት መስክ እንዳይለቀቅ ይከለክላል፤ የሥጋ ዝርያ ከሆነና ከላሞች ጋር ካለ ግን ይፈቅዳል። ኮርማውን ዝርያህ ምንድን ነው ብዬ አልጠየቅኩትም። የተጓዦች መመሪያ ከብት ካያችሁ ዙሩ፣ ሌላ መንገድ ፈልጉ ይላል። እኔ ደብረ ማርቆስ አካባቢ ከብት እየጠበቅኩ ያደግሁ ነኝ፤ ከጥጃዎቹ ርቄ፣ ሳልሮጥ፣ ዱላ ይዤ በመሐላቸው አለፍኩ። ከብት የማታውቁ መመሪያውን ስሙ።

ሃምብልደን እንደደረስኩ ስልኬ ኔትወርክ አገኘ፤ ለኃላፊዬ ደወልኩ። ፈረቃዬን ለሌላ ሰው ሰጠችው፤ የዚያ ሌሊት ክፍያዬ እንደዚያ ቀረ። ሃምብልደን ከተርቪል ይልቅ ያምራል፤ የጡብና የድንጋይ ቤቶቹ አንድ ቀን የተሠሩ ይመስላሉ። እኔ ግን ያን ዕለት የማየት አንጀት አልነበረኝም። ቴምዝ ወንዝ ላይ በግድቡ ላይ የተዘረጋውን የእግር ድልድይ ተሻግሬ በወንዙ ዳር ሄንሊ ገባሁ። ከዚያ በትንሿ ባቡር ሦስተኛው ጣቢያ ትዋይፎርድ ነው፣ ከትዋይፎርድ በኤልዛቤት መስመር ለንደን።

የእኔ ምክር ከመሥሪያ ቤቶቹ ምክር ጋር አይገጥምም። እነርሱ የጉዞ ማቀጃ ድረ ገጽ ክፈቱና አውቶቡስ ፈልጉ ይላሉ። እኔ የምለው፣ ባቡር ጣቢያ የሌለው መንደር መሄድ ካማራችሁ ገንዘባችሁን ጠዋት ላይ አውጡት፤ ከጣቢያው በታክሲ ሩቁ መንደር ድረስ ሂዱና ሸለቆውን ተከትላችሁ በእግር ወደ ባቡር ተመለሱ። ባቡር ይጠብቃችኋል፤ አንዱ ቢያመልጥ ሌላው ይመጣል። የሚበላ ነገር ያዙ፣ ጫማችሁ ጭቃ የሚችል ይሁን። እሑድ ጨርሶ አታስቡት። በዚህ መንገድ ተርቪልን ከአክስቴ ልጅ ጋር እንደገና አይቼዋለሁ፤ በጣም ደስ የሚል ቀን ነበር። መምህርቷ ፎቶዎቹን አይተው «እዚህ አጥር ጋ ነው የሞተው» ብለው ማን እንደሆነ ሊነግሩኝ ሲሉ ጆሮዬን ያዝኩ።

ለመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ ጽፌ ነበር። ያጣሁትን ፈረቃ፣ የስልኩን ጥሪ ቀንና ሰዓት፣ የፊደሏን ፎቶ አያይዤ ላክሁ። መልሱ ከብዙ ሳምንት በኋላ መጣ። መረጃው በማቆሚያው ላይ በትክክል ተለጥፎ እንደነበር፣ የስልክ ንግግሩም እንዳልተቀዳ ይገልጻል። በመጨረሻም በመንደሩ የመኪና ማቆሚያ ቦታ ጠባብ ስለሆነ ለወደፊቱ በሕዝብ መጓጓዣ እንድመጣ ይመክረኛል።