ጉርሻ እምቢ ማለት እየተለማመድኩ ነው

ዛሬ ነሐሴ 16 ነው። ሰው ሁሉ ፍልሰታን ፈታ፣ እኔ ግን ገና ነኝ። ከነገ ወዲያ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል ሆስፒታል ድረሺ ተብያለሁ። ክብደት ለመቀነስ ባይፓስ የሚባለው ቀዶ ጥገና ነው የሚሠራልኝ። ከጥቅምት ጀምሮ ስልኬ ላይ እየጫርኩ ያቆየሁትን ማስታወሻ ሰብሰብ አድርጌ ላካፍላችሁ ብዬ ነው፤ እኔ ስጀምር በአማርኛ የሚነግረኝ ሰው ፈልጌ አጥቼ ነበርና።

ጥቅምት

መነሻዬ 118 ኪሎ፣ ቁመቴ 1 ሜትር ከ63፣ ዕድሜዬ 41። ስኳር አለብኝ፣ ደም ግፊትም። የምኖረው አሜሪካ፣ ዋሽንግተን ዲሲ አጠገብ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው፤ ሥራዬ ዲሲ ፓርኪንግ ውስጥ ገንዘብ መቀበል ስለሆነ ቀኑን ሙሉ ቁጭ ነው። ክብደት መቀነሻ መርፌውንም ሞክሬዋለሁ። 8 ወር ወጋሁት፣ 7 ኪሎ ቀነስኩ፣ ማስመለሱ ግን ሥራ አላሠራኝ አለ። ስተወው 7ቱም ኪሎ ተመለሰ፣ ጓደኛም ይዞ መጣ።

ቢኤምአይ የሚሉት የክብደትና የቁመት ስሌት አለ፤ የኔ 44 ነው። ድሮ ከ1991 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የነበረው ደንብ 40 እና ከዚያ በላይ የሆነ፣ ወይም 35 ሆኖ እንደ ስኳር ያለ ተጓዳኝ በሽታ ያለበት ሰው ይሠራለት የሚል ነበር። በ2022 (እ.ኤ.አ.) የዘርፉ ሐኪሞች ማኅበራት ዝቅ አድርገው 35 የሆነ ሰው ሌላ በሽታ ባይኖርበትም፣ ስኳር ካለበት ደግሞ ከ30 ጀምሮም ሊታሰብለት ይገባል ብለዋል። ብዙ ኢንሹራንሶች ግን ዛሬም በድሮው ነው የሚሄዱት። ስለዚህ ሐኪሙ እሺ ስላላችሁ ብቻ አትደሰቱ። መጀመሪያ ኢንሹራንሳችሁ ጋ ደውላችሁ ምን ምን እንደሚጠይቅ በጽሑፍ እንዲልኩላችሁ አድርጉ። እኔ ይህን ባለማድረጌ የደረሰብኝን አሁን እነግራችኋለሁ።

ታኅሣሥ

የኔ ኢንሹራንስ 6 ወር በተከታታይ የአመጋገብ ባለሙያ ጋ መቅረብ አለብሽ ይላል። ጥቅምት ሄድኩ፣ ኅዳር ሄድኩ። ታኅሣሥ ላይ የአጎቴ ልጅ አረፈና ቀጠሮው ለቅሶ ላይ ዋለ። ደውዬ ወደ ሚቀጥለው ወር አዛወርኩት፤ ልጅቷም «ኖ ፕሮብሌም» አለችኝ። ፕሮብሌም ነበረው። «በተከታታይ» ማለት አንድ ወር ካለፈ ከዜሮ ይጀመራል ማለት ነው። ሁለቱ ወር ውሃ በላው። ስልኩን ዘግቼ መኪና ውስጥ አለቀስኩ፤ ከዚያ ወጥቼ ዶናት ገዛሁ። እውነቱን ልናገር ብዬ ነው።

ያ ለቅሶ ግን አንድ ነገር አስተማረኝ። ሦስት ቀን ሙሉ «እህል ቅመሺ እንጂ» እየተባልኩ ከአንዱ ትሪ ወደ ሌላው ስሸጋገር ከረምኩ። በኋላ የሥነ ልቦና ባለሙያዋ (ይህም ግዴታ ነው) «ሲከፋሽ ትበያለሽ?» ብላ ስትጠይቀኝ ያ ትዝ ብሎኝ «እኔ ሲከፋኝ አልበላም፣ ሲከፋኝ ሰው ነው የሚያበላኝ» አልኳት። ጽፋ ጽፋ ቀና አለችና «ታዲያ ከቀዶ ጥገናው በኋላ ለሰዎቹ ምን ትያቸዋለሽ?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። ዝግጅቴ የተጀመረው እዚያ ወንበር ላይ ነው እላለሁ።

እሷን ሰው ይፈራታል። አትፍሩ። እብድ ናት አይደለችም ለማለት አይደለም የምትጠይቀው። ዕድሜ ልክ ቫይታሚን መዋጥ እንዳለብሽ ገብቶሻል ወይ፣ ቤት ውስጥ የሚያግዝሽ ሰው አለ ወይ፣ መጠጥ ታበዢያለሽ ወይ፣ ይኸው ነው። እንግሊዝኛ የሚከብዳችሁ ከሆነ አስተርጓሚ ጠይቁ፤ በነጻ ማቅረብ ግዴታቸው ነው። እባካችሁ ልጆቻችሁን አስተርጓሚ አታድርጉ። እኔ አንዴ የ10 ዓመት ልጄን አድርጌያት «እማዬ ትሞቻለሽ እንዴ?» እያለች ሳምንት እንቅልፍ አጣች።

ጥርና የካቲት

ምርመራው አያልቅም። ልብ፣ ደም፣ እንቅልፍ፣ ኢንዶስኮፒ (ካሜራ ባለው ቱቦ ጨጓራን ማየት)።

የእንቅልፉን ሌሊት ቤት ውስጥ በሚታሰር መሣሪያ ነው የለኩት። ባለቤቴ ለዓመታት «ወፍጮ ቤት ነው የምኖረው» ሲለኝ እየሳቅኩ አልፌው ነበር። ለካ ተኝቼ ትንፋሼ ይቆማል። ሲፓፕ የሚባለውን የአየር ማሽን ሰጡኝ፤ ከቀዶ ጥገናው በፊት መልመድ አለብሽ ተባልኩ፣ ማደንዘዣ ላይ ትንፋሽ ቀልድ አይደለምና። የመጀመሪያው ሳምንት ሲኦል ነው፤ ሁለተኛው ሳምንት ላይ ጠዋት ራስ ምታት የሚባል ነገር ጠፋ። ለዚህ ብቻም ቢሆን አልቆጭም።

ኢንዶስኮፒው ደግሞ ዕቅዴን ገለበጠው። እኔ ስሊቭ ነበር የፈለግኩት። ስሊቭ ማለት ከጨጓራ 80 ከመቶ ያህሉን ቆርጠው አውጥተው የቀረውን እንደ ቱቦ ማድረግ ነው። አንጀት አይነካም፣ ቀለል ይላል። ግን ቃር ያለበትን ሰው ሊያብስበት ይችላል። የኔ ጉሮሮ በአሲድ መቁሰሉ ታየ። ሐኪሙ «አንቺን ስሊቭ ብሠራሽ ከሁለት ዓመት በኋላ ቃር ይዘሽ ትመለሻለሽ፤ ባይፓስ ይሻልሻል» አለኝ። ባይፓስ ላይ ከጨጓራው አናት ትንሽ ከረጢት ለይተው በቀጥታ ከአንጀት ጋር ያገናኙታል። ከረጢቱ 30 ሚሊ ሊትር ያህል ነው። ቤት መጥቼ በሲኒ ውሃ ለካሁት፤ ግማሽ ሲኒ አይሞላም። ያንን ሲኒ እያየሁ ትንሽ ቁጭ አልኩ።

ኤች ፓይሎሪ የሚሉት የጨጓራ ባክቴሪያም ተገኘብኝ። ምን ይገርማል፣ አዲስ አበባ ሰፈራችን ጨጓራዬን ያላለ ሰው ነበር እንዴ? 14 ቀን አንቲባዮቲክ ወሰድኩ። ከመድኃኒቶቹ አንዱ ምላስ ያጠቁራል፤ ማንም ሳይነግረኝ መስታወት ፊት ጮህኩ። የቃር መድኃኒት የምትወስዱ ከሆነ ከምርመራው በፊት 2 ሳምንት ያህል ካላቆማችሁት ውጤቱ ሊያሳስት ስለሚችል አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ሁዳዴ

ጾም ያከሳል የሚል ሰው ካለ እኔን ያናግር። በዚያ ሁሉ ቀን ግማሽ ኪሎ አልቀነስኩም። ምክንያቱን የአመጋገብ ባለሙያዋ ሚዛን አስገዝታኝ ነው ያወቅኩት። እንጀራ ምን እንደሆነ አታውቅም ነበር፤ ይዤላት ሄጄ አሳየኋት፣ ነክታ «ስፖንጅ ይመስላል» አለች፣ ይቅር ብያታለሁ። አንዱን እንጀራ ስመዝነው 340 ግራም። እኔ ደግሞ አንድ ተኩል ነበር የምበላው፣ ያውም ከትሪ ላይ ስለሆነ ልኩን አላውቀውም። ዘይቱ ይባስ። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ነው፣ እኛ ደግሞ ዘይትን በማንኪያ ለክተን አናውቅም፣ ከጠርሙሱ እየተንዠቀዠቀ «በቃ» እስኪለን ነው።

ፕሮቲኑም አለ። ከቀዶ ጥገና በኋላ በቀን ከ60 እስከ 80 ግራም ያስፈልጋል። አንድ ትልቅ የመለኪያ ኩባያ (240 ሚሊ ሊትር ያህል) የተቀቀለ ምስር 18 ግራም ገደማ አለው፤ ጥሩ ነው፣ ግን መጀመሪያ ሰሞን ያን ያህል ምስር ግማሽ ሲኒ ከረጢት ውስጥ ከየት ይገባል? ስለዚህ የሚጠጣ ፕሮቲን ግድ ነው። አብዛኛው ከወተት የሚሠራ ነው፤ ለጾም የአተርና የአኩሪ አተር አለ። የአተሩ አሸዋ አሸዋ ይላል። ከቀረፋና ከትንሽ ሙዝ ጋር ሲፈጭ ይዋጣል።

ሚያዝያ፣ ግንቦት፣ ሰኔ

እዚህ ላይ ነው ልምምዱ የከበደኝ። ሕጎቹ ሲነገሩ ቀላል ናቸው። ቀስ ብለሽ ብዪ፣ አንዱን ጉራሽ 30 ጊዜ አኝኪ፣ ከምግብ ጋር ውሃ አትጠጪ፣ ከበላሽ በኋላም 30 ደቂቃ ቆዪ። ብቻዬን ስሆን ቻልኩት። በቡና ስኒ ማስቀመጫ ላይ፣ በሻይ ማንኪያ። ልጄ ትቆጥርልኛለች፣ 22 ላይ ስውጥ «ሰረቅሽ!» ትላለች።

ከሰው ጋር ስሆን ግን አልሆነም። ትሪ ላይ ቀስ ብሎ መብላት ማለት ኩርፊያ ነው። እጅሽን ከሰበሰብሽ «ምነው፣ አልጣፈጠም?» ነው። ጉርሻው ደግሞ አለ። የአክስቴ ጉርሻ የሕፃን ጭንቅላት ታክላለች፣ አንዴም አትበቃም። ባይፓስ የተሠራ ሰው ያንን ቢውጥ እዚያው ጉሮሮው ላይ ይቀረቀርና ያስመልሰዋል።

መጀመሪያ ውሸት ሞከርኩ። «ጨጓራዬ ነው» አልኩ፤ ተልባና አብሽ ይዘውልኝ መጡ። «ዶክተር ከልክሎኝ ነው» አልኩ፤ «ለዛሬ ምን ይላል» አሉኝ። ሰኔ ላይ ሰለቸኝና የእህቴ ቤት ሁሉም ባለበት ነገርኳቸው። ጸጥታ። ከዚያ አክስቴ «ምን አጥተሽ ነው ሆድሽን የምትቆረጪው?» አለች። አዲስ አበባ ያለችው እናቴማ በስልክ «ስትከሺ ሰው በሽተኛ ነች ይላል» ነው ያለችው። እውነቷን ነው፣ እኛ ጋ «ወፈርሽ» ምርቃት ነው፣ «ከሳሽ» ደግሞ ምን ነካሽ ነው። አልተከራከርኩም። የስኳር መለኪያዬን አውጥቼ አክስቴ ፊት ጣቴን ወጋሁ። 268 አለ። እሷም ስኳር አለባት፣ ቁጥሩን ታውቀዋለች። ዝም አለች።

ከዚያ ቀን ወዲህ ለኔ ለብቻዬ ትንሽ ሳህን ይቀርባል። የሚያስቀው፣ እሷው ናት ሌላውን «አታጉርሷት!» ብላ የምትቆጣው።

ሐምሌ

ኢንሹራንሱ ፈቀደ። ቀኑ ተቆረጠ። ቡና አቆምኩ፤ 4 ቀን ራሴን ፈለጠኝ፣ አለፈ። ለራስ ምታት ስውጠው የነበረውን አድቪል (አይቡፕሮፌን) ግን ለዘላለም ነው የተሰናበትኩት። አድቪልና ዘመዶቹ ባይፓስ ላይ ቁስለት ያመጣሉ፣ ከእንግዲህ ታይለኖል (ፓራሲታሞል) ብቻ። እርግዝናም ቢያንስ ከ12 እስከ 18 ወር ክልክል ነው። በ41 ዓመቴ ይህን ስሰማ ሳቅኩ፤ ነርሷ አልሳቀችም፣ ክብደት ሲቀንስ ሳይታሰብ የሚያረግዝ ብዙ ነው አለች።

ነሐሴ

ከነሐሴ 4 ጀምሮ ያለው 2 ሳምንት የጉበት ዳይት ይባላል። ጉበት ጨጓራ ላይ ተኝቶ ነው ያለው፤ ስብ ከሞላበት ይተልቅና ለሐኪሙ መንገድ ይዘጋል። ስታርች (እንጀራ፣ ዳቦ፣ ድንች የመሳሰለውን) ስትቀንሱ ይሟሽሻል። በቀን 3 ጊዜ የሚጠጣ ፕሮቲን፣ ሾርባ፣ ጎመንና ሰላጣ፣ አበቃ። የኔ ልክ ፍልሰታ ላይ ወደቀ። የነፍስ አባቴን ጠየቅኩ፤ «ለበሽተኛ ጾም አይጸናበትም፣ ወተቱን ጠጪ» አሉኝ። እኔ ግን የአተሩን ለምጄዋለሁና በዚያው ቀጠልኩ። ሾርባው ላይ ነጭ ሽንኩርት፣ ጥቁር አዝሙድና ትንሽ በርበሬ ጣል አድርጌ ነው ያለፍኩት።

3ኛውና 4ኛው ቀን ከባድ ነው፣ ሥራ ላይ ለአንድ ሰውዬ የገንዘብ መልስ ሁለቴ ሰጥቼዋለሁ። ከ5ኛው በኋላ ረሃቡ ይለቃል። አደራ፣ የስኳር መድኃኒት የምትወስዱ ሰዎች ዳይቱን ከመጀመራችሁ በፊት ሐኪማችሁን አነጋግሩ። ምግቡ ሲቀንስ ስኳሩ በጣም ሊወርድ ይችላል፤ የኔን መጠን ሐኪሙ ነው የቀነሰልኝ። ራሳችሁ እንዳትነኩት።

ዛሬ ጠዋት 107 ኪሎ።

ቦርሳዬ ተዘጋጅቷል፦ ሲፓፑ፣ ነጠላ ጫማ፣ ሰፊ ቀሚስ፣ ረጅም የስልክ ቻርጀር። ነገ ጥርት ያለ ፈሳሽ ብቻ ነው። እፈራለሁ ወይ? አዎ። ከተሰፋው ቦታ መፍሰስ የሚሉት ችግር አለ፣ የደም መርጋት አለ፣ ፈርሜበታለሁ። ለደም መርጋቱ በዚያው ቀን ተነስተሽ ትራመጃለሽ ብለውኛል፣ እህቴ ልታስነሳኝ ፈቃድ ወስዳለች።

ዛሬ ማታ ሁላችንም እህቴ ቤት ነበርን። ዶሮው ወጣ። እኔ ሾርባዬን በቴርሞስ ይዤ ሄጄ ጥጌን ያዝኩ። አክስቴ ረስታው እጇን ጠቅልላ ወደኔ ዘረጋችና መሃል ላይ ቆመች። ጉርሻውን ለባለቤቴ ሰጠችው። ከዚያ ተነስታ ፈረሰኛዋን ከድስቱ አወጣች፣ በላስቲክ ቋጠረች፣ ስሜን ጽፋ ፍሪዘር ውስጥ ከተተችው። ባለቤቴ «ፈረሰኛ እኮ የኔ ነበረች» አለ።

«አንተ ክንፍ ብላ» አለችው።