ወረቀት የሰካሁባቸው ገጾች

ትልቋ ልጄ 12 ዓመት ሲሞላት ተረት ሰለቻት። ባሕር ዳር መንገድ ዳር ላስቲክ ዘርግተው አሮጌ መጽሐፍ ከሚሸጡት ልጆች እየመረጠች ማምጣት ጀመረች። አንድ ቀን ያመጣችውን የትርጉም ልብ ወለድ ወጥ እየሠራሁ ገለጥ ባደርገው፣ ሽንኩርቱ እስኪያር ቆሜ ቀረሁ። ሽፋኑ ላይ ግን መርከብና ጀንበር ብቻ ነበር።

ከዚያ ወዲያ እኔ ያላነበብኩት አይነበብም አልኩ። እሁድ እሁድ ልጆቹ ጣና ዳር ሲሯሯጡ ዋርካ ሥር ቁጭ ብዬ አነባለሁ። እንድታያቸው የማልፈልጋቸው ገጾች ላይ ከሻይ ቅጠል ካርቶን ቀድጄ እሰካና «እነዚህን ዝለይ» ብዬ እሰጣታለሁ። ብልህ የሆንኩ መስሎኝ! ያጋለጣት ታናሽ ወንድሟ ነው፦ «እማዬ፣ እሷ እኮ ወረቀት ያለበትን ብቻ ነው የምታነበው!» ለካ ማውጫ ሠርቼላት ኖሯል።

አሁን ምልክት የለም። መጀመሪያው ብዙ ጊዜ ጨዋ ስለሆነ ከመሀል እጀምራለሁ። መሳሳም ብዙም አያስደነግጠኝም፤ የሚያናድደኝ ጠለፋን ፍቅር አስመስሎ የሚተርክ ነው። የ1997ቱ የወንጀል ሕግ እንኳ ጠላፊ የጠለፋትን ስላገባ ከቅጣት አያመልጥም ብሏል፤ ደራሲው ግን ድል ያለ ሠርግ ይደግስለታል። እንዲህ ያለውን አልደብቅባትም፣ አብረን እናነበውና እንከራከራለን።

ዘንድሮ ፍቅር እስከ መቃብርን ጠየቀችኝ። እኔ በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በሬዲዮ ነበር የማውቀው። በ1958 የታተመ፣ የራሳችን የጎጃም ታሪክ ቢሆንም እንደ ደንቤ ቀድሜ አነበብኩት። የፈራሁት ፍቅሩን ነበር፤ እሱስ ምንም የሚደበቅ አላገኘሁበትም። ልጄን ሁለት ቀን እህል ያስጠላት ሞቱ ነው። ይህን አላሰብኩበትም ነበር፤ ለካ ስፈትሽ የኖርኩት የሚያሳፍረኝን እንጂ እሷን የሚያሳዝናትን አልነበረም።

ባለፈው ሳምንት ለወንድሟ አንድ ቀጭን የልጆች መጽሐፍ ገዛሁ። ወንድሟ የፋሲካው በግ ሲታረድ አይቶ ምሳ አልበላም ያለ ልጅ ነው። ማታ ከሥራ ስመለስ መጽሐፉ ቁም ሣጥኑ ላይ ተሰቅሏል።

«ማነው እዚያ ያወጣው?»

«እኔ ነኝ» አለች ትልቋ። «አትስጪው እማዬ፣ መጨረሻ ላይ ግልገሏ ትሞታለች።»