የነጩ በሬ ጆሮ

ሦስተኛ ክፍል አማርኛ አስተምራለሁ። የዚያን ዓመት ክፍሌ ውስጥ 54 ልጆች ነበሩ። የዕለቱ ምንባብ የሦስቱ በሬዎች ተረት ነው፤ የጥቁሩ፣ የቀዩና የነጩ። ጅቡ ሦስቱን አንድ ላይ አይደፍራቸውም። ስለዚህ ጥቁሩንና ቀዩን ለብቻ ጠርቶ "ይሄ ነጭ በጨለማ ከሩቅ ይታያል፤ እናንተንም ያስበላችኋል" ይላቸዋል። አሳልፈው ይሰጡታል። ከዚያ የቀዩ ተራ ይደርሳል፣ በመጨረሻም የጥቁሩ።

ይህን ተረት ያልሰማ ልጅ የለም። "የተረቱ መልእክት ምንድን ነው?" ብዬ ሰሌዳ ላይ ስጽፍ ሁሉም ማለት ይቻላል "አንድነት ኃይል ነው" ይላል። ግማሹ ከጎኑ ይገለብጣል። እኔም ራይት አድርጌ እመልሳለሁ። ማን ምን እንደገባው ግን ከደብተሩ አይታወቅም።

ስለዚህ በተውኔት እንዲመልሱልኝ ፈለግኩ። ይህን የተማርኩት ከኮሌጅ አይደለም። አባባ ተስፋዬ ከ40 ዓመት በላይ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ለልጆች ተረት ነግረዋል። ከዚያ በፊት የመድረክ ተዋናይ ነበሩ፤ ሲተርኩም ይታወቅባቸዋል። ድምፃቸው ይቀየራል፣ እጃቸው ይናገራል፣ ፊታቸው ጅብም ጦጣም ይሆናል። እኛም ቤት ውስጥ ያንኑ እያደረግን ነው ያደግነው።

ከካርቶን ቀንድ ቆረጥን። ለነጩ በሬ ነጠላዬን ሰጠሁ። "ማን ይሁን?" ስል አንድ ልጅ እጁን አወጣ። በዓመቱ አጋማሽ ከገጠር ተዛውሮ የመጣ ነው። አነጋገሩ ከሌሎቹ ስለሚለይ ሳይስቁበት አይቀሩም መሰለኝ፣ አፉን ከፍቶ አያውቅም። የዚያን ቀን ግን ነጠላውን ተከናንቦ ወጣ።

ከኋላ ዴስክ ትምህርቴን ሊገመግም የመጣው ሱፐርቫይዘር የግምገማ ቅጹን ይዞ ተቀምጧል።

ጅቡ ሁለቱን በሬዎች ወደ መስኮቱ ወስዶ ማንሾካሾክ ጀመረ። ነጩ በሬ በር አጠገብ ሣር መጋጥ ነበረበት። አልጋጠም። ቀስ ብሎ መጣና መሀላቸው ገባ። "እኔም ልስማ" አለ። "ስለ እኔ ነው የምታወሩት?"

ክፍሉ ጸጥ አለ። ጥቁሩ በሬ መሬት መሬት አየ። እኔ ደግሞ ዞር ብዬ ሱፐርቫይዘሩን አየሁ። ከዚያ "ነጩ በሬ፣ አንተ አትሰማም፤ ተረቱ ላይ እንደዚያ አይልም። ወደ ቦታህ ተመለስ" አልኩት።

ተመለሰ። ተበላ። ነጠላዬን አጣጥፎ ሰጠኝ።

ከክፍል ስንወጣ ሱፐርቫይዘሩ አስተያየቱን ነገረኝ። "መምህርት፣ ልጆቹ ደስ ብሏቸዋል። ግን 15 ደቂቃ በጨዋታ ሄደ። ያ ልጅ ደግሞ ምንባቡ አልገባውም። ነጩ በሬ እንደማይሰማ እንኳ አላወቀም።"

"ልክ ነዎት" አልኩ። ቅጹ ላይም ፈረምኩ። ያቺ ፊርማ እስከ ዛሬ ትቆጨኛለች።

በማግስቱ "ከተረቱ የወደዳችሁትን ቦታ ሳሉ" አልኳቸው። ብዙዎቹ ጅቡን ሳሉ፤ ጥርስ በጥርስ የሆነ ጅብ። የእሱን ወረቀት ሳነሳ ግን እጄ ላይ ቀረ። ከላይ ሦስት ጭንቅላቶች ገጥመዋል፣ በእርሳስ ተጭኖ አጥቁሯቸዋል። ከታች ጥግ ላይ ነጩ በሬ አለ። ቀለም አልቀባውም፣ ወረቀቱን ራሱን ነው የተጠቀመው። አንድ ጆሮው ከገላው ይበልጣል። ጆሮው የገጹን ግማሽ አልፎ ወደ ሦስቱ ተዘርግቷል።

"ጆሮው ለምን ተለቀ?" አልኩት።

"ከሩቅ ስለሚሰማ ነው ቲቸር።"

"ሰምቶ ታዲያ ለምን አልሄደም?"

ትንሽ አሰበ። "ወዴት ይሄዳል? ጓደኞቹ እኮ እነሱ ናቸው።"

ደብተሩን አውጥቼ አየሁ። የመልእክቱ ጥያቄ ላይ ባዶ ትቶታል። በቀይ እስክሪብቶ ዜሮ ሰጥቼዋለሁ። ከ54ቱ ልጅ ተረቱ ከሁሉም በላይ የገባው እሱ ነበር፤ እኔ ግን በምጠይቅበት መንገድ አልነበረም የገባው። ስዕልና ተውኔት ቶሎ ለጨረሱ ልጆች ማቆያ ናቸው የሚል መምህር ሲያጋጥመኝ ያ ጆሮ ነው ትዝ የሚለኝ። አንዳንድ ልጅ ያነበበውን በዓረፍተ ነገር አይመልስም። በእግሩ መጥቶ መሀል ይገባል። ያኔ "ወደ ቦታህ" ካልነው መልሱን ይዞት ይመለሳል።

በሳምንቱ በክወናና ዕይታ ጥበባት ክፍለ ጊዜ ተረቱን ደገምነው። ቀንዶቹ ያው ናቸው፣ ተዋንያኑም ያው። ነጠላዬን ስሰጠው "ዛሬ እንደፈለግክ ሁን" አልኩት።

ጅቡ ሁለቱን መስኮቱ ጋ ወሰዳቸው። ነጩ በሬ መጣ፣ መሀላቸው ቆመ። "ስለ እኔ ነው የምታወሩት?"

ጥቁሩ በሬ ቀንዱን አስተካከለ። ቆይቶ ቆይቶ "አዎ" አለ።

ጅቡ የሚለው ጠፋው። ዞር ብሎ አየኝ። እኔም ዝም አልኩ።