አጥንት ለቆ የሚወርደውን አሞራ ለማንሳት ካሜራዬን እንዴት እንዳዘጋጀሁት

ሰማይ ላይ የሚፈጥን ነገር ማንሳት ለሚወድ ሰው ሰሜን ሸዋን የመሰለ ቦታ የለም። ከታርማበር እስከ መንዝ ጓሳ አፋፍ ድረስ የትም ብትቆም አሞራውን ከላይ ወደ ታች ነው የምታየው፣ ሜዳ ላይ ቢሆን አንገትህን አንጋጠህ ሆዱን ብቻ ነበር የምታነሳው። እኔ ደሞ የፈለኩት አንድ ነገር ነው፣ ያ አገጩ ስር ጢም ያለው አጥንት ሰባሪ አሞራ አጥንቱን ድንጋይ ላይ ሲለቅና ተከትሎት ሲወርድ።

ዘዴውን ያገኘሁት ከወፍ አንሺዎች ሳይሆን ስካይዳይቪንግ ከሚቀርፁ ሰዎች ነው። እነሱ ካሜራውን ሄልሜታቸው ላይ አስረው 4000 ሜትር አካባቢ ላይ ከአውሮፕላን ይዘላሉ፣ ፓራሹት እስኪከፈት ያላቸው ጊዜ አንድ ደቂቃ ገደማ ነው፣ በሰዓት ወደ 200 ኪሎሜትር እየወረዱ ቁልፍ መነካካት የሚባል ነገር የለም፣ ብዙዎቹ የፎቶ ማንሻውን ቁልፍ ራሱ አፋቸው ውስጥ በያዙት ማብሪያ በጥርስ ነክሰው ነው የሚጫኑት። ስለዚ ሁሉም ነገር መሬት ላይ ያልቃል፣ ሰፊ ቦታ የሚያሳይ ሌንስ ይገጠማል፣ ፎከሱ ማንዋል (በእጅ የሚስተካከል) ተደርጎ ጓደኛቸው በሚሆንበት ርቀት ላይ ይስተካከልና በፕላስተር ይለጠፋል፣ ሹተሩ (ብርሃን የሚገባበት ጊዜ) 1/500 ሰከንድ ወይ ከዛ የፈጠነ ይደረጋል፣ ከዛ በኋላ ስራቸው ማየት ብቻ ነው። የአሜሪካ ፓራሹት ማህበር እንደውም 200 ዝላይ ሳትሞላ ካሜራ ይዘህ አትዝለል ነው የሚለው፣ ልብህ ካሜራው ላይ ሲሆን ራስህን ትረሳለህና። ገደል አፋፍ ላይ ላለነውም ይሄ ምክር ይሰራል፣ እኔ ከጫፉ ገባ ብዬ ቁጭ ብዬ ነው የማነሳው፣ አሞራ እየተከተሉ ወደ ኋላም ወደ ጎንም መራመድ የለም።

ሌንሱ ላይ ግን ከነሱ ተቃራኒ ነው። እነሱ ሰውየው አጠገባቸው ስለሆነ ሰፊ ይገጥማሉ፣ የኔ አሞራ ክንፉ ሲዘረጋ እስከ 2.8 ሜትር ቢደርስም ገደሉ ሰፊ ስለሆነ ትንሽ ነጥብ ነው የሚሆነው። እኔ ካኖን 7ዲ ማርክ 2 ካሜራ ላይ ከ100 እስከ 400 ሚሊሜትር የሚስብ ሌንስ ነው የምጠቀመው። መጀመሪያ 400 ላይ ቆልፌ ነበር የምጠብቀው፣ አሁን ግን 250 አካባቢ ላይ አግኝቼው ከዛ ነው ወደ 400 የምስበው፣ ጠባቡ ላይ ሆነህ ሰማይ ላይ አሞራ መፈለግ ጊዜ ይበላል። ሌንሱ ጎን ላይ ያለችውን የፎከስ ገደብ ማብሪያ ከ3 ሜትር በላይ ላይ አድርጋት፣ አለበለዚያ ፎከሱ አንዴ ከሳተ ፊትህ ያለው ሳር ድረስ ተመልሶ እስኪመጣ አሞራው አለፈ ማለት ነው።

ሹተር ላይ ሂሳቡን ሰርቼ ነው የወሰንኩት። ከ50 ሜትር የተለቀቀ አጥንት መሬት ለመድረስ 3 ሰከንድ ገደማ ነው የሚፈጅበት፣ ድንጋዩ ጋ ሲደርስ በሰከንድ 30 ሜትር ገደማ ይሮጣል። በ1/500 ብታነሳው ፎቶው ውስጥ 6 ሳንቲሜትር ይሳባል፣ በ1/2000 ግን አንድ ሳንቲሜትር ተኩል። እና 1/2000፣ ኤፍ 7.1 (የሌንሱ ቀዳዳ ስፋት)፣ አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) ከ400 እስከ 800፣ የጠዋት ፀሐይ ካለ ይበቃል።

ኤክስፖዠሩ (ፎቶው ውስጥ የሚገባው የብርሃን መጠን) ማንዋል መሆን አለበት፣ እዚህ ላይ አልደራደርም። አሞራው መጀመሪያ ነጭ ሰማይ ላይ ነው፣ ከሁለት ሰከንድ በኋላ ጥቁሩ ገደል ፊት ያልፋል፣ ኦቶ ላይ ከሆነ ሰማዩ ጋ አሞራውን ያጠቁረዋል ገደሉ ጋ ደሞ ያነጣዋል፣ እሱ ላይ ያረፈው ፀሐይ ግን አልተቀየረም። እኔ ፀሐይ የመታው ግራጫ ድንጋይ ላይ ለክቼ እቆልፈዋለሁ፣ ደመና ካልመጣ አልነካውም።

የቆምክበት ቦታ ግን ከሴቲንጉም ይበልጣል። የኛ ገደል ወደ ምስራቅ ወደ ቆላው ነው የሚያየው፣ ስለዚ ጠዋት ፊት ለፊት ብታይ ፀሐይ አይንህ ውስጥ ነው፣ አሞራውም ጥላ ብቻ ይሆናል። አፋፉ ወደ ውጪ ወጣ ያለበት ቦታ ፈልግና ገደሉን ተከትለህ ወደ ሰሜን እይ። በህዳርና በታህሳስ ፀሐይዋ ወደ ደቡብ ስለምታጋድል ብርሃኑ በቀኝ ትከሻህ በኩል ይመጣል፣ ላባው አንድ በአንድ ይለያል። ሰዓቱ ከጠዋቱ 3 እስከ 5 ሰዓት ነው፣ ገደሉ ሲሞቅ አየሩ ወደ ላይ ስለሚገፋ አሞራዎቹ ክንፍ ሳያራግቡ ይወጣሉ። ከዛ በኋላ ሙቀቱ አየሩን ያርገበግበዋል፣ ምንም ሌንስ አያድነውም፣ ወይ ደሞ ጉሙ ከቆላ ተነስቶ ሁሉንም ይሸፍነዋል።

አሞራው አጥንት የሚጥልበትን ድንጋይ ያሳየኝ መንዝ ውስጥ በግ የሚጠብቅ ልጅ ነው። ጠፍጣፋ ድንጋይ ነው፣ ዙሪያውን ነጭ የአጥንት ስብርባሪ ተበትኗል፣ አሞራው እየተመላለሰ እዛው እንደሚጥል ልጁ ጠንቅቆ ያውቃል። ቀድሜ ፎከሱን ድንጋዩ ርቀት ላይ አስቀምጬ ጠበኩ፣ ካሜራው ሰርቮ ላይ ነው (ፎከሱ የሚንቀሳቀሰውን ነገር እየተከተለ ይስተካከላል)፣ ፎከሱን ደሞ የማዘው ከካሜራው ጀርባ ባለው ቁልፍ ነው። ልጁ «ጋሼ ያውልዎ፣ ከታች መጣ!» አለኝ፣ እውነትም ከስራችን ወጣ፣ እግሩ ላይ የበግ ቅልጥም የመሰለ ይዟል፣ ዞረና ለቀቀው፣ ወዲያው ክንፉን ሰብሰብ አድርጎ እየተጠማዘዘ ተከተለው። ከተነሱት ውስጥ አንዷ ላይ አጥንቱ ከድንጋዩ ትንሽ ከፍ ብሎ ቀጥ ብሎ ቆሟል፣ አሞራው ከላዩ ነው፣ የአይኑ ዙሪያ ቀይ ሳይቀር ይታያል። ለልጁ ስክሪኑ ላይ አጉልቼ ሳሳየው አጥንቱን አይቶ «የፊት እግር ነው» አለኝ።

ይሄ ሁሉ ውድ እቃ የግድ ነው ማለት አይደለም። 55-250 ሌንስ ያለው ሰው ድንጋዩን ካወቀና በደንብ ከጠበቀ ያገኘዋል፣ ብቻ ጎጆው ወዳለበት ገደል መጠጋት የለም፣ ከተረበሸ ጥሎት ይሄዳል። ሌላው ባተሪ ነው፣ የጓሳ የማለዳ ውርጭ ይጨርሰዋል፣ ትርፉን ደረት ኪስህ ውስጥ ያዝ። ሞቅ ያለ ቤት ስትገባም ካሜራውን ከቦርሳው ቶሎ አታውጣው፣ ሌንሱ ላይ ጤዛ ይይዛል፣ ቦርሳው ውስጥ እንደተዘጋ ቀስ እያለ ይሙቅ።