ዲናሞው አዲስ፣ መብራቱ ደብዛዛ፦ ጥፋቱን ከግራውንድ ሽቦ ላይ እንዴት አገኘሁት

ድሬዳዋ ላይ የአንድ የቆየ ቶዮታ ኮሮላ ዲናሞ (ሞተሩ ሲሠራ ባትሪውን የሚሞላውን) ግቢ ውስጥ ቀየርኩ። ሞተሩ ሲነሳ ቀዩ የባትሪ ምልክት እንደ ደንቡ ጠፋ። ማታ ግን የፊት መብራቱ ደበዘዘ፤ ጠዋት ደግሞ ሞተሪኖው (ሞተሩን የሚያስነሳው) እየተጎተተ አዞረ። እንዲህ ሲሆን ቶሎ የሚመጣው ሐሳብ «የገዛሁት ዲናሞ አይረባም» የሚል ነው። ብዙ ጊዜ ግን ችግሩ ያለው ዕቃውን ለማስገባት እጅ የነካው ቦታ ላይ ነው። ስለዚህ የፈታሁትን ብሎን ሁሉ አስታውሼ ከዚያ ጀመርኩ።

መጀመሪያ ባትሪውን ካደረ በኋላ፣ ሞተሩ ሳይነሳ ለካሁት። 12.6 ቮልት ሙሉ ነው፣ 12.2 ግማሽ ገደማ፣ ከ12 በታች ከሆነ ባዶ በሉት። ባዶ ባትሪ በአዲስ ዲናሞ እንዲሞላ አታድርጉ። ዲናሞው ለረጅም ሰዓት ሙሉ አቅሙን እየሰጠ ይግላል፤ በድሬ ሙቀት ላይ ይሄ ሲጨመር ውስጡ ያለውን ዳዮድ (ኮረንቲን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፈውን) ይጎዳዋል። በቻርጀር አስሞሉት። ሴሉ ጎድሎ ከሆነም የሚጨመረው የተጣራ የባትሪ ውሃ ብቻ ነው። የድሬ ውሃ ማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚተወውን ነጭ ቅርፊት ያየ ሰው ምክንያቱ አይጠፋውም።

ቀጥሎ ሞተሩን አስነስቼ ረጅም መብራቱንና ፋኑን ከፈትኩ። ከዲናሞው ጀርባ ወፍራሙ ሽቦ በሚታሰርበት ብሎንና በዲናሞው አካል መካከል 14.2 ቮልት አገኘሁ፤ ባትሪው ላይ ግን 12.9። 1.3 ቮልት መንገድ ላይ ቀርቷል ማለት ነው። የት እንደቀረ ለማወቅ ቴስተሩን ከቮልት ሳላነሳ፣ ሞተሩም እየሠራ፣ አንዱን ጫፍ የዲናሞው ብሎን ላይ፣ ሌላውን የባትሪው ፖዘቲቭ ላይ አደረግኩ፦ 0.15። ከዚያ ከዲናሞው አካል ወደ ባትሪው ኔጋቲቭ፦ 1.15። እዚህ ከ0.2 ማለፍ አልነበረበትም።

ጥፋቱ ከባትሪው ኔጋቲቭ ወደ ካምቢዮው የሚወርደው ግራውንድ ሽቦ ነበር፤ ኮረንቲው ወደ ባትሪው የሚመለሰው በእሱ ነው። ቦታ እንዲሰፋ የፈታሁት እሱን ነው። ብሎኑ ጠብቋል፤ ቀለበቱ ስር ግን የዘይትና የአቧራ ልጥፍ ደርቆ ቀርቷል። ከቀለበቱ አጠገብ ፕላስቲኩን ስልጠው የመዳቡ ክሮች አረንጓዴ ሆነው ግማሾቹ ተበጥሰዋል። ይሄንኑ ሽቦ ቀደም ብዬ በኦም (ኮረንቲን የሚገታበትን መጠን) ለክቼው ደህና ነው ብዬ አልፌው ነበር፤ የተሳሳትኩት እዚያ ላይ ነው። የቴስተሩ ገመዶች ብቻቸውን 0.2 ኦም ገደማ ያሳያሉ። 40 አምፒር ሲያልፍ ደግሞ 0.03 ኦም እንኳ 1.2 ቮልት ይበላል። እንዲህ ያለ ጥቂት ኦም ተራ ቴስተር ላይ አይታይም። ግራውንድን ሞተር እያስነሳችሁ ወይም መብራት አብርታችሁ በቮልት ለኩት እንጂ በኦም አትመኑት።

ሌላ ምልክትም ነበረው። ሞተሪኖው ሲጎተት የአክስለሬተሩ ገመድ ሲነካ ይሞቃል። ዋናው ግራውንድ ሲደክም ኮረንቲው በዚያ ቀጭን ገመድ በኩል መመለሻ ይፈልጋል፤ ቸል ከተባለ ገመዱን ያቃጥለዋል።

ሽቦውን ቀየርኩ፤ 25 ካሬ ሚሊ ሜትር መዳብ ይበቃል። ብሎኑ የሚያርፍበትን ቦታ ብረቱ እስኪያብለጨልጭ በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈግኩ፤ ቫዝሊን የቀባሁት ከጠበቀ በኋላ፣ ከውጭ ብቻ ነው። አሁን ግራውንዱ ላይ 0.04፣ ባትሪው ላይ 14.0 ይነበባል። የደንገጎን ዳገት ወጥታችሁ ሞተሩ ግሎ ስትለኩ 13.6 ብታዩ አትደንግጡ፤ የዲናሞውን ቮልት የሚቆጣጠረው ሬጉሌተር ሲሞቅ ቮልቱን ይቀንሳል።

የናንተ ምልክት ሌላ ከሆነ፦ ቁልፍ ሲከፈት ቀዩ መብራት ጭራሽ ካልበራ አምፖሉን፣ የጌጁን ፊውዝና ዲናሞው ላይ የሚሰካውን ትንሹን ሶኬት እዩ። ከ15 ቮልት በላይ ካነበባችሁ ወይ ሬጉሌተሩ ነው፣ ወይ የባትሪውን ቮልት ለሬጉሌተሩ የሚያደርሰው ሽቦ ተቋርጧል። ጠዋት ሲነሳ የሚጮህ ከሆነ ዲናሞውን የሚያዞረው ቺንጋ ላልቷል፤ መሀሉን በአውራ ጣት ጠንከር አድርጋችሁ ስትጫኑት 10 ሚሊ ሜትር ገደማ መርገብ አለበት። አዲስ ቺንጋ ስለሚለጠጥ ከጥቂት ቀን በኋላ መልሳችሁ እዩት።

ባትሪው አድሮ የሚሞት ከሆነ ኔጋቲቩን ፍቱና ቴስተሩን በአምፒር ላይ አድርጋችሁ መሀል አስገቡት። በሮቹን ዘግታችሁ ግማሽ ሰዓት ጠብቁ፤ ከ50 ሚሊ አምፒር መብለጥ የለበትም። በዚህ ሁኔታ ሞተር ለማስነሳት ከሞከራችሁ የቴስተሩ ፊውዝ ይበጠሳል። ፊውዞቹን አንድ በአንድ ነቅላችሁም ቁጥሩ ካልወረደ የዲናሞውን ወፍራም ሽቦ ፈትታችሁ ድጋሚ ለኩ፤ ያኔ ከወረደ ዳዮዱ ያፈሳል። ያ ሽቦ ቁልፍ ተዘግቶም ኮረንቲ አለበት፤ ኔጋቲቩ ሳይነቀል መፍቻ አታስነኩት።

ሞተር እየሠራ የባትሪ ተርሚናል ነቅሎ ዲናሞን «መፈተሽ» ግን ፈጽሞ አታድርጉት። በዚያች ቅጽበት የሚዘለው ቮልት ዳዮዱንም የሞተሩን ኮምፒውተርም ሊያቃጥል ይችላል። ባትሪ ተነቅሎ ከተመለሰ በኋላ ሚኒሞው (ነዳጅ ሳይረገጥ ሞተሩ የሚዞርበት ፍጥነት) ከፍ ዝቅ ቢል ደግሞ ኮምፒውተሩ የያዘውን ረስቶ ነው። ሞተሩ እስኪሞቅ ያለ ጭነት አቆዩት፣ ከዚያ ትንሽ ንዱት፤ ካልተስተካከለ ብቻ ሌላ ነገር ፈልጉ።