«የሰፈሩ ነው ወይስ የእኛ ብቻ?»

ሰሞኑን አዲስ አበባ ያለ የልጅነት ጓደኛዬ ደወለና «መብራት ካጠራችሁ ንገሩን፣ እንልክላችኋለን» ብሎ ሳቀብኝ። ሕዳሴ ግድብ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም ከተመረቀ ወዲህ በተደዋወልን ቁጥር 5,150 ሜጋ ዋቱን ሳይቆጥርልኝ ስልክ አይዘጋም። ቦንዱን የገዛሁት እኔ፣ የሚኮራብኝ እሱ! ስንብታችን ላይ ደግሞ የተለመደችውን ጥያቄ አመጣት፦ «አንተማ ቤትህን አከራይተህ ተኝተህ ትበላለህ። እኔስ በምን በኩል ልምጣ?»

ተኝቼ እበላለሁ። ይህን ሲለኝ ዋዮሚንግ ላይ መኪና ውስጥ ያደርኩባት የገና ዋዜማ ትዝ አለችኝ።

መጀመሪያ ነገር፣ አሜሪካም መብራት ይጠፋል። በፈረንጆች የካቲት 2021 ቴክሳስን ብርድ ሲመታት በሚሊዮን የሚቆጠር ሕዝብ ጨለማ ውስጥ ነበር። ዳላስ ያሉ ወዳጆቼ ኮታቸውን እንደለበሱ ተኝተው፣ ሲነጋ ከኮርኒሳቸው ውኃ እየወረደ ተነሥተዋል። ልዩነቱ እኛ አገር መብራት ሲጠፋ የሚጠፋው መብራቱ ብቻ መሆኑ ነው። ሻማ ይለኮሳል፣ ቡናው በከሰል ይቀጥላል፣ ጎረቤት በአጥር በኩል «እናንተም ጋ ጠፍቷል?» ይላል፤ ሲመለስ ሕፃናቱ «መጣ!» ብለው ሰፈሩን ያናውጡታል። ሚኒሶታ ላይ በጥር ወር መብራት ከጠፋ ግን የሚጠፋው ቤቱ ነው። ማሞቂያው በጋዝ ቢነድ እንኳ የሚለኩሰውም ሙቀቱን ወደ ክፍሎቹ የሚገፋውም ኤሌክትሪክ ነው። ውጭው ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ በሆነበት ሌሊት ማሞቂያው ዝም ካለ፣ በግድግዳው ውስጥ ያለው ውኃ ይረጋል። ውኃ በረዶ ሲሆን መጠኑ 9 በመቶ ያህል ስለሚጨምር ቧንቧው ይሰነጠቃል። ጉዳቱ የሚታየው ደግሞ ሲቀልጥ ነው፤ ምድር ቤቱ ኩሬ ሆኖ ይጠብቅሃል። የኢንሹራንሱ ሰው ሲመጣ «እግዚአብሔር ያጽናህ» አይልም፤ «ቤቱ ባዶ ነበር? ሙቀቱን ለመጠበቅ ምን አድርገሃል?» ነው የሚልህ።

እኔ የሚኒሶታዋ ሴንት ፖል ስድስት ዓመት ኖሬ፣ ባለቤቴ ብርዱን አልችል ስላለች ወደ አትላንታ ተዛወርን። ቤቱን አከራየሁት። ሥራዬ ከባድ መኪና መንዳት ስለሆነ ዛሬ ኦሃዮ፣ ነገ ኔቫዳ ነኝ። ሰው ሲኖርበት ችግር የለም፤ ተከራይ ከመብራቱ ቀድሞ ይደውላል። ጭንቀቱ ተከራይ ወጥቶ ሌላው እስኪገባ ያለው ጊዜ ነው፤ የእኔው ደግሞ በታኅሣሥ አጋማሽ ወጣ።

እንደ ብልጥ ካሜራ ገዝቼ በዋይፋይ አገናኝቼ ነበር። አንድ ቀን መንደሩ በሙሉ አራት ሰዓት ጨልሞ ሲውል ካሜራዬ ትንፍሽ አላለም። ለካ መብራት ሲሄድ ራውተሩም አብሮ ይሄዳል። ሟቹ ራሱ ተነሥቶ መርዶውን እንዲነግረኝ ነበር የጠበቅሁት። ከዚያ በኋላ ባትሪና የራሱ ሲም ካርድ ያለው፣ ከቡና ሲኒ የማይበልጥ መሣሪያ ገዛሁ። ሶኬት ላይ ይሰካል፤ ኤሌክትሪክ ሲቋረጥበት በባትሪው ነቅቶ መልእክት ይልካል፣ የክፍሉንም ሙቀት ይናገራል። ከበሩ አጠገብ ሰክቼው፣ ለቁልፉም ውጭ በቁጥር የሚከፈት ሳጥን ሰቅዬ፣ አሁንስ ተኝቼ ልበላ ነው አልኩ።

በዚያች የገና ዋዜማ ከዋዮሚንጓ ላራሚ ከተማ ወጣ ብሎ ባለ የከባድ መኪና ማቆሚያ ቆሜያለሁ። የመጨረሻዋን የጾም ሽሮ አሙቄ፣ በስልኬ የዋዜማውን ማኅሌት ከፍቼ፣ ገና አንድ ጉርሻ እንዳነሣሁ መልእክቱ መጣ፦ «ኃይል ተቋርጧል። የክፍሉ ሙቀት 14 ዲግሪ።»

ቤቱን አደራ ለሰጠሁት የሴንት ፖል ጓደኛዬ አሥራ አንድ ጊዜ ደወልኩ። አይነሣም። ለሁለተኛው፣ ለሦስተኛው፣ ለእህቱም ደወልኩ። ያኔ ነገሩ ገባኝ። ሚኒሶታ የማውቀው ሐበሻ ሁሉ ነጠላውን አጣፍቶ ቤተ ክርስቲያን ገብቷል፤ ስልኩ መኪና ውስጥ ነው። ማንን ልውቀስ? እኔም እዚያ ብሆን ዘግቼው ነበር። ፈረንጅ ገናውን ካከበረ ሁለት ሳምንት ሊሞላው ነው፤ እኛ ጥንቃቄያችንን ሁሉ በሐበሻ ላይ ጥለን ሐበሻው በአንድ ሌሊት በሙሉ ከአገልግሎት ውጭ ሆነ።

የመብራት ድርጅቱን ካርታ ከፈትኩ። የተቋረጠበትን ሰፈር በቀለም ያሳያል፤ የእኔ ሰፈር ንጹሕ ነው። ልጅ ሆነን እናቴ መብራት በጠፋ ቁጥር «ውጡና እዩ፣ የሰፈሩ ነው ወይስ የእኛ ብቻ?» ትለን ነበር። የሰፈሩ ከሆነ እፎይ፤ የእኛ ብቻ ከሆነ ግን ወይ ፊውዝ ነው ወይ ዕዳ። በአርባ ዓመቴ፣ ከአንድ ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ርቄ፣ ያችኑ ጥያቄ ይዤ ቀረሁ፤ ወጥቶ የሚያይልኝም የለም። ድርጅቱ ጋ ደውዬ አርባ ደቂቃ ሙዚቃ ሰማሁና ዘጋሁት።

ያኔ ጎረቤቴ ትዝ አሉኝ። ጡረታ የወጡ ሽማግሌ ናቸው። ገብተን በሳምንታችን ስልካቸውን በወረቀት ጽፈው ሰጥተውኝ ነበር፤ አንድም ቀን ደውዬ አላውቅም። እውነቱን ልናገር፣ ቂም ይዤባቸው ነበር። በፋሲካ ባለቤቴ ድፎ ዳቦ ቆርሳ ብትልክላቸው ሳህኑን አጥበው ባዶውን መለሱት። ባዶውን! «እነዚህ ሰዎች ጉርብትና አያውቁም» ብዬ ለስንቱ አውርቻለሁ። ስድስት ክረምት የበሬን በረዶ ማንም ሳይጠይቃቸው በማሽናቸው ሲጠርጉ ግን «ማሽን መግፋት ይወዳሉ» ብዬ ነው ያለፍኩት።

ቁጥሩን ስፈልግ ያገኘሁት «ፈረንጁ ጎረቤት» በሚል ስም ነው።

ደወልኩ። ከእንቅልፍ የነቃ ድምፅ ስሜን ከነአባቴ ስም ጠራው፤ እየተንገዳገደ፣ ግን አንድ ፊደል ሳይጥል። ስልካቸው ላይ ሙሉውን መዝግበውታል ማለት ነው። እኔ «ጤና ይስጥልኝ፣ ሚስተር…» ብዬ ቆምኩ። ሽማግሌው ጠበቁኝ። የምለው አልነበረኝም። በመጨረሻ ስማቸውን ራሳቸው ነገሩኝ፤ ፊደል በፊደል፣ ሕፃን እንደሚያስጠኑ። መኪናው ውስጥ ብቻዬን ነበርኩ፤ ግን የማፍርበት ቦታ አጣሁ።

ስልኩን ሳይዘጉ ወጡ። በረዶው ከጫማቸው ሥር ሲንኮሻኮሽ ይሰማኛል። «የጓሮህ መብራት እኮ በርቷል» አሉ። የሳጥኑን ቁጥር ነገርኳቸው፤ በሩ ተከፈተ። ማሞቂያው እየሠራ ነው። ኩሽናው ውስጥ ቧንቧውን ከፍተው ውኃው ሲወርድ አሰሙኝ። ከዚያ ከበሩ አጠገብ ቆም አሉና አንዲት ነገር «ቀጭ» አደረጉ። በዚያው ቅጽበት ስልኬ እጄ ላይ ተንቀጠቀጠ፦ «ኃይል ተመልሷል። የክፍሉ ሙቀት 14 ዲግሪ።»

ለካ የአሜሪካ ቤት አንዳንዱ ሶኬት ከግድግዳው ማብሪያ ማጥፊያ ጋር የተያያዘ ነው፤ ባለ እግር መብራት እንዲሰካበት ተብሎ። ስድስት ዓመት ኖሬበት አላወቅሁም። ያን ሁሉ ሰዓት ሙቀቱ ከ14 ንቅንቅ አለማለቱ ራሱ ምስክር ነበር፤ እኔ ግን «ተቋርጧል» የምትለዋን ቃል ብቻ ነበር ደጋግሜ የማነበው። ሽማግሌው አልሳቁም። ቢስቁ ይሻለኝ ነበር።

እና የምትመጡ ሰዎች፣ ቤት ገዝቶ ማከራየት መጥፎ ነው አላልኩም፤ «ተኝቶ መብላት» የሚሏት ግን እዚህ የለችም። ቤት ይዛችሁ ከራቃችሁ ሲም ካርድ ያለው መሣሪያ ግዙ፣ ማብሪያ ማጥፊያ የማያዘው ሶኬት ላይ ሰክታችሁ «አትንኩ» ብላችሁ በአማርኛም ጻፉበት። ተከራይ ሲወጣ የመብራቱን ሒሳብ በዚያው ቀን በስማችሁ አዙሩ፣ አለበለዚያ አንድ ቀን እውነተኛው ጨለማ ይመጣል። ተከራይ ካለም መሣሪያው መኖሩን ንገሩት፤ ሰው በሚኖርበት ቤት ውስጥ ካሜራ እንዳታስቡ። ደግሞ የጎረቤታችሁን ስም ጠይቁ። እኔ ስድስት ዓመት «ሃይ» እያልኩ ነው ያለፍኩት፤ የአገር ቤቱን ጉርብትና እየተረኩ።

ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ላይ ጓደኛዬ ከቅዳሴ ወጥቶ ደወለ። ድምፁ ደስ ብሎታል። «እንኳን አደረሰህ! ስልክህን አሁን አየሁት፤ ምነው፣ ደኅና ነህ?» አለኝ። «እኔ እኮ ወደ ቤተ ክርስቲያን ስሄድ ቤትህ ጎራ ብዬ ነበር። ፖስታህን ሰበሰብኩ፣ ቧንቧውን አየሁ፣ ሁሉ ሰላም ነው። ደግሞ ስወጣ በሩ አጠገብ ያሉትን ሦስቱንም ማጥፊያ በአንድ መዳፍ ድርግም አድርጌልህ ነው የሄድኩት፤ በከንቱ እንዳይቆጥርብህ።»