ቅንድቤን ሂና ተቀብቼ ሽምግልና ሄድኩ

ባለፈው ፋሲካ ዘመድ አዝማዱ ሁሉ ታላቅ ወንድሜ ቤት ተሰብስበን ፎቶ ተነሳን። ልጄ ፎቶውን የቤተሰባችን ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ለቀቀችው። እኔም እንደማንኛውም ጤነኛ ሰው መጀመሪያ ራሴን ፈለግሁ። አገኘሁት። የግራ ቅንድቤ ግን የለም። ደነገጥኩ። በሁለት ጣቴ አጎላሁት። አለ። ሸብቶ፣ የካሜራው መብራት ሲያርፍበት ከግንባሬ ጋር ተመሳስሎ ነው እንጂ አለ።

የፀጉር ሽበት አያሳስበኝም፤ ፀጉር የለኝማ። ጢሜንም በየቀኑ እላጫለሁ። ስለዚህ 52 ዓመቴን የሚያሳብቅ ምስክር ፊቴ ላይ አልነበረም። ቅንድቤ ከዳኝ። ያውም የግራው ብቻ። የቀኙ እስካሁን ጎረምሳ ነው።

በዚያው ሰሞን ወንድሜ ደወለ። ልጁ ሊያገባ ነው። «ከንስሐ አባታችንና ከጎረቤቴ ከጡረተኛው መምህር ጋር ሆነህ ሽማግሌ ትሄድልኛለህ» አለኝ። ተከበርኩ። እሺ ብዬ ስልኩን ዘጋሁ። ግን «ሽማግሌ» የምትለዋ ቃል ጆሮዬ ውስጥ ቀረች። መስታወት ፊት ሄድኩ። ቅንድቤ በነጭ ዓይኑ አየኝ።

ሚስቴ ሐሳቤን ስትሰማ፣ «ሽማግሌ ሆነህ ልትሄድ ሽበት አስጠላህ? የሌለው ሰው እኮ ዱቄት ነስንሶ በሄደ!» አለች። ልክ ነበረች። ሚስቴ ልክ መሆኗ የሚገባኝ ብዙውን ጊዜ ከሦስት ቀን በኋላ ነው።

ቅዳሜ ፀጉር ቤት ሄድኩ። ፀጉር የሌለው ሰው ፀጉር ቤት ምን ይሠራል እንዳትሉ። ጆሮዬና ማጅራቴ ዙሪያ የቀረች አጥር አለች፤ እሷን አስከረክማለሁ። ልጁ ቅንድቤን አየና ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ፋዘር፣ ጥቁር ሂና አለ። በሃያ ደቂቃ ቁራ ነው የሚያደርገው» አለኝ። ከመሳቢያው ትንሽ ጥቅል አወጣ። ላዩ ላይ ያለው ጽሑፍ ምን ቋንቋ እንደሆነ እንኳ አልገባኝም። የሴት ፎቶ አለበት፤ ቅንድቧ ግን እውነትም ቁራ ነው። ነገ እመጣለሁ ብዬ ወጣሁ።

ማታ ለልጄ ነገርኳት። ፋርማሲ 4ኛ ዓመት ናት። ቤታችን ውስጥ ያለ እሷ ፈቃድ ፓራሲታሞል አይዋጥም። ማንኪያዋን አስቀመጠች።

«አባዬ፣ ጥቁር ሂና የሚባል ቅጠል የለም።»

«እንዴት የለም? በዓይኔ አየሁት።»

«ቅጠሉ ውስጥ ያለው ቀለም ሎውሶን ይባላል። የሚያወጣው ብርቱካንማ ነው፤ ቢበዛ ቀይ ቡኒ። በሃያ ደቂቃ ጥቁር የሚያደርግ ከሆነ ፓራ ፌኒሊን ዳያሚን ገብቶበታል ማለት ነው። የፀጉር ቀለም ኬሚካል ነው። ቆዳ ላይ ሲያርፍ ውኃ የቋጠረ ቁስል ሊያወጣ ይችላል፣ ጠባሳም ይተዋል። ደግሞ ሰውነትህ አንዴ ከጠላው ዕድሜ ልኩን አይረሳውም። በኋላ ተራ የፀጉር ቀለም ስትቀባ ያብጣል።»

«እኔ የምቀባው ፀጉር የለኝም» አልኩ። አልሳቀችም።

ይልቅ አንድ ታሪክ አወራችልኝ። በ1933 አሜሪካ ውስጥ ላሽ ሉር የሚባል የሽፋሽፍትና የቅንድብ ማጥቆሪያ ይሸጥ ነበር፤ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው። ውስጡ ይኸው ኬሚካል ነበረበት። ቆንጆ ልሁን ብለው የተቀቡ ሴቶች ዓይናቸው ጠፋ። አንዷ ሞተች። ያን ጊዜ መንግሥት መዋቢያ የመቆጣጠር ሥልጣን ስላልነበረው ዕቃውን ከሱቅ ማንሳት እንኳ አልቻለም። ሕጉ የወጣው በ1938 ነው፤ መጀመሪያ ከተያዙት ዕቃዎች አንዱም ይኸው ላሽ ሉር ሆነ። እጄ ሳላዝዘው ወደ ቅንድቤ ሄዶ ዳበሰው። የፀጉር ቤቱን ልጅ በዚያው ተውኩት።

ጉዳዩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ዛሬ የምነግራችሁ አይኖርም ነበር። ግን ሚስቴ ከድሬዳዋ እህቷ የላከችላት ንጹህ ሂና ትዝ አላት። በፌስታል የተቋጠረ አረንጓዴ ዱቄት፣ ዝናብ የነካው ሣር የሚሸት። እናቴ ለአውዳመት እንሶስላ ስትሞቅ ትዝ አለኝ። እንሶስላ ሥር ነው፣ ሂና ደግሞ ቅጠል፤ ዘመድ አይደሉም። ለእኔ ግን የሁለቱም ሽታ ያው የእናቴ እጅ ነው። እናቴን ምን ነካት? ምንም። በዚህ ስሌት ገባሁበት።

ልጄ አሁንም ደስ አላላትም። «አሜሪካኖቹ ንጹሁን ሂና እንኳ የፈቀዱት ለራስ ፀጉር ብቻ ነው። ለቅንድብና ለሽፋሽፍት አይፈቅዱም። ዓይን ቅርብ ነዋ!»

«እኔ የምኖረው ገርጂ ነው» አልኳት።

እንደማልመለስ ስታውቅ ቅድመ ሁኔታ አወጣች። መጀመሪያ ከጆሮዬ ጀርባ ትንሽ ተቀብቶ 48 ሰዓት ይታያል፤ የሚያሳክክ፣ የሚቀላ ወይም የሚያብጥ ከሆነ ነገሩ ያበቃል። ካለፍኩ ደግሞ ራሷ ትቀባኛለች። በጀርባዬ ተኝቼ፣ ዓይኔን ጨፍኜ፣ ቅንድቡ ዙሪያ ቫዝሊን ተደርጎ፣ በውኃ ብቻ ተለውሶ፣ ከሃያ ደቂቃ ሳያልፍ። ይህን ሁሉ በጣቷ እየቆጠረች ነው የነገረችኝ። እኔም ራሴን እየነቀነቅሁ ነው የሰማኋት። ራስ መነቅነቅ ደግሞ ነጻ ነው።

ፈተናውን አለፍኩ። ቆዳዬ ምንም አላለም። ሁለቱን ቀን ቢሮ የዋልኩት ግን ከጆሮዬ ጀርባ የሃምሳ ሳንቲም የምታህል ብርቱካንማ ክብ ይዤ ነው። ጸሐፊያችን ጠጋ ብላ ሶፍት ሰጠችኝና «ጋሼ፣ ወጥ ነክቶዎታል» አለችኝ። ጠረግሁት። አልለቅ ሲል አይታ እሷም ልትጠርግ መጣች።

አርብ ማታ ልጄ ለፈተና ልታጠና ጓደኛዋ ዘንድ ሄደች። ሽምግልናው እሑድ ነው። «ጠብቀኝ፣ በሦስት ሰዓት እመጣለሁ» ብላ ነበር። አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ትዕግሥቴ አለቀ። ቅንድብ መቀባት እኮ አጥር እንደመቀባት ነው አልኩ፤ ባለፈው ዓመት አጥሩን ማን ቀባው? ሚስቴ «ሎሚ ካልገባበት ቀለሙ አይወጣም» አለች። ጨመቅሁበት። ክብሪት እንጨት ላይ ጥጥ ጠቀለልኩና የግራውን ለቀለቅሁት። ቀኙን አልነካሁትም፤ ምን አጠፋ? ጥጡን ስጨርስ ቫዝሊን ትዝ አለኝ። ልነሳ ስል መብራት ጠፋ።

ሶፋው ላይ ጋደም አልኩ። ሃያ ደቂቃ ምን አላት?

የነቃሁት ዓይኔ ሲቃጠል ነው። ሂናው ደርቆ እንደ ጭቃ ተሰነጣጥቋል፤ ፍርፋሪው ከነሎሚው ሽፋሽፍቴ ላይ ወርዷል። በጨለማ ኮሪደሩን እየዳበስኩ ወደ መታጠቢያ ስሮጥ ልጄ በሩን ከፍታ ገባች። ጮኸች። እኔም ጮህኩ። አንገቴን ይዛ ከቧንቧው ሥር ከተተችኝ። ደቂቃ በደቂቃ በስልኳ መብራት እያየች ዓይኔን አጠበችው። ስንት እንደተኛሁ በኋላ ሳሰላው፦ አንድ ሰዓት ከሃምሳ ደቂቃ።

ዓይኔ ደህና ሆነ። ዓይኔ ደህና ሲሆን መስታወቱን አየሁ።

ሂና ጥቁር ፀጉርን ብዙም አይለውጥም። የሚይዘው ነጩን ነው። የሐረርና የድሬዳዋ አዛውንቶች ጢማቸውን ተቀብተው ብርቱካን መስሎ ሲታይ አይታችኋል አይደል? እነሱን ያምርባቸዋል፤ ግርማ ሞገስ ነው። እኔ ላይ ያለው ግን አንድ ቅንድብ ነው። ነጮቹ ፀጉሮች ጨለማ ውስጥ የተረሳ ፍም መስለው ጎልተዋል። ያልሸበቱት መሐል መሐሉን ጥቁር ናቸው። ከሥሩ ያለው ቆዳዬ ደግሞ ከፀጉሩ ብሶ፣ ካፍንጫዬ አናት ተነስቶ ወደ ጆሮዬ የሚያዘግም የካሮት ልጣጭ ሆኗል። ሚስቴ አንዴ አየችኝና ምንም ሳትናገር ወደ ጓዳ ገባች። ከጓዳ የሚያስል የሚመስል ድምፅ ይሰማ ነበር።

«ነገ ይደበዝዛል» አልኩ።

«ነገ ይጠቁራል» አለች ልጄ። «ሂና አየር ሲያገኝ ለሁለት ቀን እየደመቀ ነው የሚሄደው። ሙሉ ቀለሙ የሚወጣው...» በጣቷ ቆጠረች። «እሑድ።»

ቅዳሜን በዘይት፣ በጨው፣ በሳሙና አሳለፍኩ። የተለወጠ ነገር ቢኖር ግንባሬ መቅላቱ ነው። ቀለሙ ከቆዳው ፕሮቲን ጋር ስለሚጣበቅ ቆዳው ራሱ እስኪታደስ አንድ ሁለት ሳምንት ይቆያል፤ ፀጉሩ ላይ ያለው ደግሞ ፀጉሩ እስኪረግፍ። ልላጨው አልኩ። ሚስቴ «አንድ ቅንድብ ይዘህ ልጅ ልትጠይቅ?» አለችኝ። በመጨረሻ እሑድ ጠዋት በቅንድብ እርሳሷ አጠቆረችልኝ። እውነቱን ልናገር፣ አማረብኝ። ከነጭ ጋቢዬ ጋር ለሃያ ደቂቃ ያህል የ40 ዓመት ሰው ሆኜ ነበር።

የልጅቷ ቤተሰቦች በክብር ተቀበሉን። ተቀመጡ አሉን። አባ «ቃላችንን ሳናደርስ አንቀመጥም» አሉ። ወጉ ነው። ቆምን። በሩ ክፍት ነው፤ የቀትር ፀሐይ በቀጥታ እኔ ላይ ነው የሚያርፈው። ጥግ ላይ ቡና ይቆላል። አባ ደግሞ ከአብርሃምና ከሣራ ነው የጀመሩት። ይስሐቅ ሳይወለድ ላቤ መጣ። መሐረቤን አውጥቼ ግንባሬን ጠረግሁ። ሁለቴ።

ፊት ለፊቴ የልጅቷ አያት ተቀምጠዋል። ዓይናቸው እኔ ላይ ቀረ። ከዚያ የአጎቷ። ከዚያ ቡና የምትቆላዋ ልጅ እጅ ቆመ፤ ቡናው አረረ። መሐረቤን አየሁት። ጥቁር ሆኗል።

አባ ጨረሱ። «ልጃችሁን ለልጃችን ብለን ነው።» ተቀመጥን። ወጉ ነውና አጎትየው ስለ ሙሽራው ይጠይቁ ጀመር። ሥራው ምንድን ነው? ይጠጣል? ያጨሳል? መምህሩ ጥሩ አድርገው መለሱ። ከዚያ አጎትየው ጉሮሯቸውን ጠረጉና ዓይናቸውን ከቅንድቤ ሳይነቅሉ ጠየቁ።

«በዘራችሁ... የሚተላለፍ በሽታ አለ?»

ዝም አልን። አባ ቀና ብለው አዩኝ። መምህሩም አዩኝ። ያኔ ነው እነሱም ገና ያዩት።

«ሂና ነው» አልኩ።

«ምን አለ?» አሉ አያትየው። ጆሯቸው ትንሽ ይደክማል።

«ሂና ነው እማማ! ወጣት ልምሰል ብዬ ነው!»

ቡና የምትቆላዋ ልጅ ወደ ጓዳ ሮጠች። የጓዳ ሳቅ ደግሞ አሁን በደንብ አውቀዋለሁ። አባ በመስቀላቸው አፋቸውን ሸፈኑ፤ ትከሻቸው ግን ይንቀጠቀጥ ነበር። አጎትየው «እንመካከርበት፤ የዛሬ ሁለት ሳምንት ተመለሱ» አሉ። ወጉ ይኸም ነው። ልንወጣ ስንል አያትየው እጄን ያዙኝ። «ስትመለሱ አንተም እንዳትቀር። ምን ዓይነት እንደምትሆን ልየው።»

አልቀረሁም። በሁለት ሳምንት ቆዳዬ ጸድቷል። ቅንድቤ ግን ከሥሩ ሁለት ሚሊ ሜትር ያህል ነጭ አብቅሎ ጫፉ ብርቱካን እንደሆነ ነው፤ መሐል መሐል ጥቁር። አያትየው አገጬን ይዘው ወደ ብርሃኑ አዞሩኝና በደንብ መረመሩኝ። «እሺ፣ ሰጥተናችኋል» አሉ፤ አጎትየው አፋቸውን ሳይከፍቱ።

እልል ተባለ፣ ፎቶ ተነሳን። ማታ ልጄ ግሩፑ ላይ ለቀቀችው። ራሴን ለማግኘት ማጉላት አላስፈለገኝም።